ያልተነካችው ስምንት ቁጥር

ፑል ቤት ውስጥ ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ተራውን የሚጠብቀው ሰው ነው። ሁለት ሰው ይጫወታል ይባላል እንጂ አንዱ ሲጫወት ሌላው ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ዱላውን እንደ ምርኩዝ ተደግፎ፣ የሚሸነፍበትን ያያል። እግር ኳስ ቢሆን ሮጦ ይቀማል። ቦክስ ቢሆን መልሶ ይማታል። ፑል ላይ ግን ተጋጣሚው እስካልሳተ ድረስ ምንም ማድረግ አይችልም። የራሱን ቀብር ከፊተኛው ወንበር ሆኖ እንዲከታተል የተፈረደበት ሰው ነው።

ይህንን አንድ የክረምት ከሰዓት በኋላ፣ ባሌ ሮቤ ከተማ ውስጥ፣ ጮክ ብዬ ተናገርኩት። ለራሴ ብቻ ባስበው ኖሮ ዛሬም ጓደኛ ይኖረኝ ነበር።

የተናገርኩበት ፑል ቤት ከአንድ ወፍጮ ቤት ጋር በግድግዳ ይጎራበታል። ስንዴ በገባ ሰሞን ወፍጮው ቀኑን ሙሉ ስለሚሠራ አረንጓዴው ጨርቅ ላይ ዱቄት ይበናል፤ ኳሶቹም በሄዱበት ሁሉ ቀጭን መስመር ጥለው ያልፋሉ። የቤቱ ባለቤት፣ ሁላችንም እትዬ የምንላቸው፣ ስድሳን የተጠጉ ሴት ናቸው። ባላቸው ሲሞቱ ሦስት ጠረጴዛ ትተውላቸው አልፈዋል። እሳቸው በሕይወታቸው አንድ ኳስ መትተው ባያውቁም የትኛው ጠረጴዛ ወደየት እንደሚያዘነብል ከተጫዋቾቹ በላይ ያውቃሉ። እኔ የምሄደው ለማንበብ ነው። ማስተማሩን ከተውኩ ወዲህ ቤቴ ተቀምጬ ማንበብ አቃተኝ፤ የሮቤ ክረምት ጣት ያደነዝዛል፣ እሳቸው ደግሞ ጥግ ላይ ያለውን ከሰል አያጠፉም። ስድስት ዓመት ያህል መጽሐፌን ይዤ እዚያ ጥግ ኖሬያለሁ ማለት ይቻላል። ማንም ምን እንደማነብ ጠይቆኝ አያውቅም፤ ይህም ከቤቱ ምቾቶች አንዱ ነበር።

ጓደኛዬ መስታወት ቆራጭ ነው። የከተማው ግማሽ መስኮት በእሱ እጅ ያለፈ ነው። መስታወት አንዴ ይጫራል፣ ከዚያ ይሰበራል፤ የተሳሳተ ጭረት ማረሚያ የለውም። ፑልም የሚጫወተው እንደዚያ ነበር። ጠረጴዛውን ይዞራል፣ ጎንበስ ይላል፣ ቀና ይላል፣ ደግሞ ይዞራል። የማያውቅ ሰው የጠፋበትን ሳንቲም የሚፈልግ ይመስለዋል። ሲመታ ግን ነገሩ ያለቀ ነው። ከሮቤ እስከ ገሰራ በዚህ ጨዋታ ፊቱ የሚቆም አልነበረም።

ፑል ቤት ውስጥ የጠረጴዛውን ሂሳብ የሚከፍለው ተሸናፊው ነው። በሁሉም ከተማ እንዲያ ነው። እሱ ግን ከማንም ጋር ቢጫወት ግማሹን ራሱ ይከፍላል፤ ቢያሸንፍም ይከፍላል። ምክንያቱን አንድ ቀን ነገረኝ። ልጅ ሳለ አባቱ ፑል ቤት አገኙት። ይመቱኛል ብሎ ሲጠብቅ አግዳሚው ላይ ተቀመጡና ከሰዓቱን ሙሉ ሲጫወት አዩት። ወደ ቤት ሲሄዱ፣ ጨዋታው መልካም ነው፣ እጅህም ያምራል፤ ሰው ገንዘብ ያስያዘበት ቀን ግን ዱላውን አስቀምጠህ ትወጣለህ፣ ሁለተኛም አታነሳውም አሉት። ወላሂ ብሎ ማለ። አባቱ በዚያው ዓመት አረፉ። መሐላው ግን አላረፈም። ተሸናፊ ይክፈል የሚለው ልማድ ራሱ ለእሱ የቁማር ሽታ ነበረው።

ሌላም ልማድ ነበረን። የዚህ ታሪክ ነገር ሁሉ እሱ ላይ ስለሚያርፍ ልንገራችሁ። በጨዋታ መሃል አዛን ቢሰማና አንዱ ተጫዋች ሊሰግድ ቢወጣ ጨዋታው ባለበት ይቆማል። የሚወጣው ሰው ዱላውን ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አጋድሞ “ኳሴ አደራ” ይላል። የሚቀረው “ኳስህ አለ” ይለዋል። ከዚያ በኋላ እስኪመለስ ድረስ ማንም ኳስ አይነካም፣ ዝንብ እንኳ ቢያርፍበት እፍ ተብሎ ነው የሚባረረው። ማን እንደጀመረው የሚያውቅ የለም። የተጻፈ ቦታም የለም። ክርስቲያኖቹም ቀብር ሲያልፍ ወይም ለቅሶ ሲጠሩ በዚሁ ይጠቀማሉ። በስድስት ዓመት ውስጥ ይህ አደራ ሲፈርስ አላየሁም።

ያን ክረምት ቤቱ ባዶ ሆነ። ከመንገዱ ማዶ የእግር ኳስ ውርርድ ቤት ተከፍቶ ወጣቱ ሁሉ እዚያ ገባ፤ ስሙን መጥራት የማይችለው የባሕር ማዶ ቡድን ጎል ሲገባበት የሮቤ ልጅ ራሱን ይይዛል። እትዬ ሁለቱን ጠረጴዛዎች ሸጬ ትልቅ ስክሪን ልስቀል ነው አሉ። ከዚያም ወደ እኔ ዞረው፣ አንተ ይህን ሁሉ መጽሐፍ የምታነበው ለምን ቀን ነው፣ እስቲ አንድ ነገር በል አሉኝ።

አልኩ። ስጠየቅ አላርፍም፤ ተራ ጠባቂው እንዴት እንደሚያሳዝነኝም ነገርኳቸው። ፑል በዓለም ላይ ሻምፒዮናዎች አሉት፣ ኑሯቸው ከእሱ የሆነ ሰዎች አሉ፤ ግን ማንም አያያቸውም፣ ለምን ይመስላችኋል ብዬ ጀመርኩ። በስልኬ ደጋግሜ አይቻቸዋለሁ። ጥሩ ተጫዋች ከባድ ኳስ አይመታም። እያንዳንዱን ኳስ ሲያስገባ ነጩን ለሚቀጥለው ቀላል ቦታ ላይ ስለሚያቆመው የሚመታው ሁሉ ልጅ የሚያስገባው ይመስላል። እንግዲህ ሰውየው ጎበዝ በሆነ ቁጥር የሚታየው ነገር ያንሳል። ሩጫ እንዲህ አይደለም፤ ሯጭ ሲፈጥን እረኛም ያውቅለታል። የፑል ጥበብ ግን ራሱን የሚደብቅ ጥበብ ነው፣ ተመልካች ደግሞ ለተደበቀ ነገር አይከፍልም። መድኃኒቱ ሁለት ነው አልኩ። ወይ ሕጉን ቀይሮ ማጣደፍ፣ ወይ ገንዘብ አስይዞ ማስጨነቅ።

መስታወት ቆራጩ ጠመኔ ዱላው ጫፍ ላይ እያሸ ይሰማኝ ነበር። “ሰው ካላየው ጨዋታው ምን ይጎድለዋል?” አለኝ።

“ጠረጴዛ ይጎድለዋል” አልኩት። “እትዬ ሊሸጡት ነው።”

ወደ ጠረጴዛው ተመለሰ። ክርክር ማሸነፍ እወዳለሁ። ያን ጊዜም ደስ አለኝ።

እትዬ ከንግግሬ ውስጥ የሚጠቅማቸውን መርጠው ያዙ። እሁድ ከሰዓት ሮቤ ከጎባ ይገጥማል ተባለ። ጎባና ሮቤ በሚኒባስ የግማሽ ሰዓት መንገድ የማይሞላ ርቀት ላይ ያሉ፣ እንደ ጣውንት የሚተያዩ ከተሞች ናቸው። የእኛ ሰዎች፣ ጎባ የባሌ ዋና ከተማነቱን ካጣ ወዲህ የቀረው ብርድና ኩራት ነው ይላሉ። እነሱ ደግሞ ሮቤን ጭቃ ላይ የተዘረጋ ገበያ ይሏታል። የጎባው ተጫዋች የሚኒባስ ሹፌር ነው፤ ማተቡ ከአንገቱ የማይወርድ፣ ቀልደኛ፣ ሲመታ የማያስብ የሚመስል ፈጣን ሰው። ለሮቤ የሚገጥመው ማን እንደሆነ መጠየቅም አላስፈለገም።

ሕጉን እኔ ጻፍኩ። ካርቶን ላይ በቀይ እስክሪብቶ፦ ለአንድ ምት ሠላሳ ሰከንድ። ሠላሳው ካለፈ ተራው ወደ ተጋጣሚው ይሄዳል። ቀድሞ ሦስት ጊዜ ያሸነፈ አሸናፊ ነው። ዕረፍት የለም፣ መውጣት የለም። ይህን የመጨረሻውን የጻፍኩት ሲሸነፉ ስልክ ለማናገር ደጅ የሚወጡትን አስቤ ነበር። ስድስት ዓመት በየቀኑ “ኳሴ አደራ” ሲባል የሰማሁ ሰው፣ ዕረፍት የለም ብዬ ስጽፍ ሶላት ትዝ አላለኝም። ያልተጻፈ ነገር ሕግ መሆኑን እንረሳለን፤ በተለይ እኛ ማንበብ የምናበዛ።

ጓደኛዬ ካርቶኑን ሁለት ጊዜ አነበበው። ሕጉ ላይ ምንም አላለም። የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

“ገንዘብ ይገባበታል?”

“በአንተ እጅ አይገባም” አልኩት።

ውሸት አልነበረም። እውነትም አልነበረም። መጋረጃው ጀርባ እትዬ የብስኩት ጣሳ አዘጋጅተው የየሰዉን ብር በየስሙ እየጠቀለሉ መጨመር መጀመራቸውን አውቅ ነበር። ቁማር ነው እንዴ ስላቸው፣ እኔ አላጫውትም፣ የሰው አደራ ነው የማስቀምጠው አሉኝ። ጓደኛዬ መስኮትና መስታወት ሲያደርስ ስለሚውል አልሰማም፤ የሰማ ሰው ሁሉ ደግሞ መሐላውን ስለሚያውቅ አልነገረውም። ከተማው በሙሉ አንድ ሰው እንዳያውቅ ተስማምቶ ነበር።

ቅዳሜ ዕለት እኔም መጋረጃውን ገልጬ ገባሁ። ሮቤ ሁሉ ለመስታወት ቆራጩ አስይዟል። ሰው ሁሉ ወደ አንድ ወገን ሲያዘነብል እኔ በሌላኛው መቆም ልማዴ ነው፤ ብዙ ጊዜ እንደ ማስተዋል ይቆጠርልኛል፣ በሽታ ሆኖ ሳለ። ደግሞም የማውቀው ነገር ነበር። ያ የሚዞር፣ የሚያጎነብስ፣ የሚነሳ ሰው በሠላሳ ሰከንድ ውስጥ ምን ሊሆን እንደሚችል ሕጉን የጻፈው ሰው ሊያውቅ ይገባዋል። ለጎባው አስያዝኩ። እትዬ ብሬን ሲጠቀልሉ ቀና ብለው አዩኝ እንጂ ምንም አላሉም።

እሁድ ቤቱ ሞላ። ከማዶው ውርርድ ቤት ሳይቀር ወጣቱ ተገልብጦ መጣ፤ መስኮቱ ላይ የተንጠለጠሉ ነበሩ። እነሆ ልክ ነበርኩ ብዬ አሰብኩ። ስልኬን ይዤ ጠረጴዛው ራስጌ ቆምኩ፤ ዳኛው እኔ ነኝ። ጨዋታው ሲጀመር ግን አንድ ነገር ገረመኝ። ከተሰበሰበው ሰው ኳሱን የሚያይ ጥቂት ነው። የሚያዩት የተጫዋቾቹን ፊትና የእኔን ስልክ ነበር። ጓደኛዬ ነጩን ኳስ ሦስት ጠርዝ አስነክቶ መዳፍ ላይ እንዳረፈ ወፍ ሲያቆመው ማንም ትንፍሽ አላለም። ሹፌሩ ሳያስበው አንድ ኳስ ሲገባለት ግን ጣሪያው ሊነቀል ደረሰ።

ሰዓቱ ጓደኛዬን አሰረው። መዞር ይጀምርና “አስር ቀረ” እላለሁ፤ ጎንበስ ይልና “አምስት” እላለሁ። ሁለት ጊዜ ሳይመታ ተራው አለፈበት። አንገቱ ሥር ላብ አየሁ፤ በዚያ ብርድ። እንዲያም ሆኖ ሁለት ለሁለት ደረሱ። በመጨረሻው ጨዋታ ደግሞ ሰዓቱን የረሳው መሰለ፤ ሰባቱን ኳሶቹን አከታትሎ አስገባና ስምንት ቁጥር ብቻ ቀረችው። እሷን ካስገባ አለቀ። ጥቁሯ ኳስ ከጥጉ ቀዳዳ አንድ ክንድ ያህል ርቃ ቆማለች። ልጅ የሚያስገባት ኳስ።

በዚህ መሃል ከኋላ አንድ ገበሬ፣ ደስታው ፈንቅሎት፣ “ባለመስታወት፣ የበጌን ዋጋ ነው ያስያዝኩብህ፣ እንዳታዋርደኝ አቦ!” አለ።

ጓደኛዬ ጎንበስ እንዳለ ቀረ። ከዚያ ቀስ ብሎ ቀና አለና ሰዉን ሳይሆን እኔን አየ። ስልኬ ላይ ሃያ ሁለት ሰከንድ ይላል። ዓይኔን ስልኩ ላይ ተከልኩ። “ሃያ” አልኩ፤ ሌላ የምለው አልነበረኝም።

አዛን የተሰማው ያኔ ነው። የዐስር፣ የከሰዓቱ ሶላት። ከዚያ በፊት በሕይወቴ አዛን እንዲህ ቅርብ ሆኖ ሰምቼ አላውቅም። ጓደኛዬ ዱላውን ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አጋደመና ወደ ሹፌሩ ዞረ።

“ወንድሜ፣ ኳሴ አደራ።”

ሹፌሩ ከወንበሩ ተነሳ። የጎባ ሰው ነው፤ ልማዳችንን ያውቅ አያውቅ እንጃ። ግን ቃሉን የሚያውቅ ይመስል “ኳስህ አለ” አለው።

ሰዉ መንገድ ከፈተለትና ወጣ። በሩ እንደተዘጋ ዝናቡ ወረደ፤ ዝናብ ብቻ ሳይሆን በረዶ፣ ቆርቆሮውን እንደ ጠጠር የሚቀጠቅጥ የባሌ በረዶ። ማንም መውጣት አልቻለም። ሠላሳው ሰከንድ አለፈ። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ።

ካርቶኑ ግድግዳው ላይ ነው። ዕረፍት የለም፣ መውጣት የለም። “ተራ ወደ ጎባ” አልኩ።

ሹፌሩ ተመልሶ ተቀመጠ። ሦስት ኳስና ስምንት ቁጥር ይቀሩታል፤ አራቱንም ማስገባት ለእሱ ቀላል ነበር። ዱላውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ጣሪያውን ያያል። አብረውት የመጡት የጎባ ሰዎች ምታ እንጂ እያሉ ጮሁበት። አንዱማ እጁን ይዞ ሊያስነሳው ሞከረ።

“እኔ ነኝ ያመጣኋችሁ” አላቸው ድምፁን ሳያነሳ። “በዚህ በረዶ በእግሩ ጎባ መግባት የሚፈልግ ይናገር። ሰው አምላኩ ፊት ቆሞ ሳለ ኳሱን አልነካም።”

ሠላሳው አለፈ። “ተራ ወደ ሮቤ” አልኩ። ሮቤ የለም። ሠላሳው አለፈ። “ተራ ወደ ጎባ” አልኩ። ጎባ ጣሪያ ያያል። ሕጉን አገላብጬ አየሁት፤ ሁለቱም ካልመቱ ምን ይደረጋል የሚል የለም። ተራው ይሄዳል፣ ይመለሳል። መጀመሪያ ሰዉ ተሳደበ፣ ቀጥሎ ሳቀ፣ በመጨረሻ ዝም አለ። አቁም የሚለኝ አልተገኘም፤ ለሮቤ ያስያዙት ጨዋታው እንዳይፈርስ ይፈራሉ፣ ለጎባ ያስያዙትም እንደዚያው። ላቁም ብል ሁለቱም ወገን ይይዘኛል። ስለዚህ ቆርቆሮው ሥር፣ እርጥብ ጃኬት በሚሸተው ሰው መሃል፣ በየሠላሳ ሰከንዱ እንደ ሰካራም ሰዓት እየጮህኩ ቆምኩ። የሚያስቀው ነገር፣ ማንም አላንቀላፋም። ምንም የማይሆንበት ጨዋታ እንዲህ ሲታይ አይቼ አላውቅም።

ሶላት ይህን ያህል አይፈጅም። በረዶው ወደ ዝናብ፣ ዝናቡም ወደ ካፊያ ተለወጠ፤ እሱ አልተመለሰም። የገላገለኝ ስልኬ ነው፤ ባትሪው አለቀ። ከመጋረጃው ጀርባ የወጡት እትዬ ጠረጴዛውን በፕላስቲክ ሸፈኑትና “ኳሱ አለ፤ ሂዱ” አሉ። ብሩስ ለሚሏቸው፣ ጨዋታው ሳያልቅ ምን ብር አለ ብለው አሰናበቱ።

በማግስቱ ጠዋት ወደ መስታወት ቤቱ ሄድኩ። መስኮት የሚያህል መስታወት ጠረጴዛ ላይ አጋድሞ ይለካ ነበር። ሰላም አልኩት፤ በኦሮምኛ “አከም” አለኝ፣ እጁ ሥራ ላይ ስለሆነ አልጨበጠኝም።

እትዬ ጠረጴዛው ታሰረባቸው፣ ተመለስና ጨርሰው አልኩት። እሱም መስመሩን ለክቶ ጨረሰ።

“አንተ ያነበብክ ሰው ነህ” አለኝ ከዚያ። “ብመታት ቁማር ነው። ሆን ብዬ ብስታት ደግሞ ያ ገበሬ በእኔ ተማምኖ ያስያዘው የበጉ ዋጋ ሐቁ ነው፣ የሰው ሐቅ እበላለሁ። ዱላውን ባስቀምጥ መሐላዬ ነው፣ ሁለተኛ አላነሳውም። እስቲ በየትኛው በር ልውጣ?”

“በሶላት ወጣህ” አልኩት። ብልጠቱን ማድነቄ ነበር።

ፊቱ ተለወጠ። “ሶላቴን ሰግጃለሁ። በሶላት አልጫወትም። ከሰገድኩ በኋላ ግን እግሬ ወደዚያ አልሄድ አለኝ።” መቁረጫውን አነሳ። “ዱላዬን አላነሳሁም፣ አላስቀመጥኩም፣ ጠርዙ ላይ አለ። ብሩ በሙሉ ወደየኪሱ ከተመለሰ እመጣለሁ። አንድ ብር ከቀረ አልመጣም።”

ጫረና በሁለት አውራ ጣቱ ገፋው። መስታወቱ ቀጥ ብሎ ተለየ። ለማን እንዳስያዝኩ ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። በዚያ ድምፅ ላይ መናገር አቃተኝ።

እትዬ ነገሩን ስነግራቸው ጊዜ አልፈጁም። ብሩን መመለስ ጀመሩ፤ ግን መጋረጃ ጀርባ አይደለም። ነገ ባልቴቷ ቆርጣ አስቀረች እንዳልባል ብለው በአደባባይ፣ በተሸፈነው ጠረጴዛ አጠገብ፣ ባለቤቱን ጠርተው፣ ለማን እንዳስያዘ ተናግረው ይሰጣሉ። ያ ገበሬ ከመንደሩ ድረስ መጥቶ ወሰደ። እኔ ጥግ ላይ መጽሐፌን ከፍቼ ተቀምጫለሁ። ማንበቤን እንጃ፤ ገጽ እገልጣለሁ።

ጠረጴዛው በዚያ ሰሞን ከመቼውም በላይ ሰው አመጣ። ከመስጂድ ሲወጡ፣ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ፣ ያልተነካችውን ስምንት ቁጥር ለማየት ጎራ ይላሉ። እትዬ ፕላስቲኩን ገልጠው ያሳያሉ። ሰዉ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ያያል፣ በየት በኩል እንደምትገባ ይከራከራል፣ ሻይ ይጠጣል። የፑልን ተወዳጅነት ለመጨመር ከተነገሩት ሐሳቦች ሁሉ፣ የእኔንም ጨምሮ፣ የሠራው ጨዋታውን ማቆም ሆነ።

ሐሙስ ዕለት ጣሳው ውስጥ አንድ ጥቅል ብቻ ቀረ። ሰው ሲያልቅ ጠብቄ እትዬን ለመንኳቸው። ለራስዎ ያድርጉት አልኳቸው። የእኔ አይደለም አሉ። ለቤተ ክርስቲያን ይስጡት አልኳቸው። “የቁማር ብር ይዤ ደጀ ሰላም ልቁም?” አሉኝ። በድብቅ ይስጡኝ አልኳቸው።

“ሌላውን ሁሉ በሰው ፊት ሰጥቼ አንተን በጨለማ?” አሉ። “ስትሰጠኝ ዝም አልኩህ። ስትወስድም ዝም እልሃለሁ። ግን እዚሁ ነው የምትወስደው፣ ጠረጴዛው ላይ።”

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ጓደኛዬ መጣ። ሹፌሩም ተሳፋሪዎቹን አራግፎ መጥቷል። ከአራታችን በቀር ማንም አልነበረም፤ ወፍጮው እንኳ ዘግቶ ነበር። ሹፌሩ “ኳስህ አለ” አለው። ጓደኛዬ ዱላውን ከማንሳቱ በፊት እትዬን፣ ሁሉም ተመለሰ ወይ ብሎ ጠየቃቸው።

እትዬ ጣሳውን አምጥተው ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አኖሩት። “አንድ ቀርቷል” አሉ። እኔን አላዩኝም። ባያዩኝ ነው የባሰው።

“የማነው?” አለ።

ስድስት ዓመት የተቀመጥኩበት ወንበር ከበሩ ይልቅ ለግድግዳው ይቀርባል። “የእኔ ነው” አልኩ።

ጣሳውን አየ። ከዚያ የጠየቀኝ ያልጠበቅሁትን ነው። “ለእኔ ነው ያስያዝከው ወይስ በእኔ ላይ?”

“በአንተ ላይ።”

“በሰዓቱ ምክንያት?”

ራሴን ነቀነቅሁ። እሱም እንደ እኔ ነቀነቀ፤ አንድ ልኬት ተነግሮት በልቡ እንደሚይዝ ሰው። “ውሰደው” አለኝ።

ወሰድኩት። በሦስት ሰው ፊት እጄን ጣሳ ውስጥ አስገብቼ የራሴን ብር ኪሴ ከተትኩ። በዕድሜዬ ብዙ ነገር አጥቻለሁ፤ ገንዘብ በማግኘት እንደዚያ የተዋረድኩበት ቀን ግን የለም።

ጓደኛዬ ዱላውን አነሳ። ጠመኔ ቀባ። እኔ በልማድ ስልኬን ማውጣቴን ያወቅሁት ዓይኑ እጄ ላይ ሲያርፍ ነው። መልሼ ከተትኩት። ጠረጴዛውን ዞረ። ጎንበስ አለ፣ ቀና አለ፣ ደግሞ ዞረ። ኳሷ ልጅ የሚያስገባት ናት፤ እሱ ግን ከየአቅጣጫው አያት። ምን ያህል እንደቆየ አላውቅም፤ አልቆጠርኩም። ሹፌሩ በዚያ ሁሉ ጊዜ ወንበሩ ላይ ሆኖ፣ በእርጋታ፣ ጎረቤቱ አጥር ሲያጥር እንደሚያይ ሰው ያየዋል። ስለዚያ የተራ ጠባቂ ወንበር ተሳስቼ ነበር ማለት ነው፤ ቢያንስ ለዚህ ሰው።

መታት። ገባች። እንደተለመደው የሚታይ ነገር አልነበረም።

የጠረጴዛውን ሂሳብ እኩል ከፈሉ። ከዚያ ጓደኛዬ ዘወትር ግድግዳው ላይ ሰቅሎት የሚሄደውን ዱላውን ለሁለት ፈትቶ ጨርቅ ቦርሳው ውስጥ ከተተ። እትዬን እጃቸውን ስሞ ተሰናበታቸው። ለእኔም “በል ደህና ሁን” አለኝ፤ በደህና ድምፅ። ክፋት አልነበረበትም። ክፋት ቢኖርበት መልስ እሰጠው ነበር።

ከዚያ ወዲህ የሚጫወተው ጎባ ነው። እትዬ ሁለቱን ጠረጴዛዎች ሸጠው ስክሪኑን ሰቀሉ፤ አንዱን፣ ያንን ጠረጴዛ፣ አስቀሩት። ካርቶኔ አሁንም ግድግዳው ላይ አለ፤ ማንም አይጠቀምበትም፣ ማንም አያነሳውም። እኔ ከሥሩ ተቀምጬ አነባለሁ። ቤቴ አሁንም ይበርዳል።

እሁድ እሁድ ከሰዓት የሹፌሩ ሚኒባስ በደጁ ያልፋል፤ ከጎኑ ጓደኛዬ ያንን ረጅም ቦርሳ ጉልበቱ መሃል አቁሞ ተቀምጧል። አንድ እሁድ ደጅ ቆሜ ሳለ ሹፌሩ ፍሬን ይዞ መስኮቱን ዝቅ አደረገ።

“መምህር፣ ቦታ አለ” አለኝ።

ጓደኛዬን አየሁት። ፊት ለፊቱን መንገዱን ያያል። ና አላለኝም፤ አትምጣም አላለኝም። እየጠበቀ ነበር። ምን ያህል ሊጠብቅ እንደሚችል ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

“ሌላ ጊዜ” አልኩት ለሹፌሩ።

ሚኒባሱ ወደ ጎባ ሄደ። ተመልሼ ገባሁና ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ።